የግቢ ዝናብ ግቢ ውስጥ እንዲሰርግ፦ ሊሾ ከመፍሰሱ በፊት የሚሠራ ንድፍ

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእንጦጦ ግርጌ የተነሳ ጎርፍ ወደ አቃቂ ሲወርድ በየመንገዱ የየግቢው አሸንዳ ይጨመርበታል። ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ ከሆነ፣ የጣለው ዝናብ በደቂቃዎች ውስጥ በር ላይ ነው። የመንገዱን ቦይ ማስፋት የመንግሥት ሥራ ነው፤ ወደ ቦዩ የሚገባውን መቀነስ ግን የባለ ግቢው ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 200 ካሬ ቦታ ላይ 100 ካሬ ጣሪያ፣ 60 ካሬ ሊሾ እና 40 ካሬ አፈር አለ እንበል። ቆርቆሮም ሊሾም ከወረደባቸው 90 በመቶ ያህሉን ያሳልፋሉ። በአንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል ከጣሪያው 1,800፣ ከሊሾው 1,080፣ በድምሩ 2,880 ሊትር ይወርዳል። መኪና የሚቆምበትን 30 ካሬ ብቻ አንጥፈው ሌላውን በአፈር ቢተዉት 2,340 ይሆናል። ከዚህ ላይ 1,000ውን ሊትር ሮቶ ከያዘው የሚቀረው 1,340 ነው። ውሃው ገብቶ የሚሰርግበት፣ ተክል የሚተከልበት 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎድጓዳ መደብ በካሬ 150 ሊትር ስለሚይዝ፣ 9 ካሬ መደብ ይበቃል። ሮቶው የሚጠቅመው ግን ዝናቡ ሲመጣ ባዶ ከሆነ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሞልቶ የሚቆም ሮቶ ለጎርፍ ምንም አይሠራም፤ ከታች ቧንቧውን ትንሽ ከፍተው ቀስ እያለ ወደ መደቡ እንዲፈስ ያድርጉ።

ከመቆፈርዎ በፊት አፈሩን ይፈትሹ። ጎኑ 30፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፤ በማግስቱ እንደገና ሞልተው በሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ ይለኩ። ማሳደሩን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ በበጋ የተሰነጠቀ መሬት ውሃውን በስንጥቁ ስለሚውጠው ውጤቱ ያታልላል። በሰዓት 1.3 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ ይሠራል። 15 ሳንቲ ሜትር በ24 ሰዓት እንዲሰርግ 0.6 ያህል ይበቃል፤ አፈሩ ከጊዜ በኋላ ስለሚደፈን ነው እጥፉ የሚጠየቀው።

እንደ ቦሌና አቃቂ ባሉ ሜዳማ አካባቢዎች የሚበዛው ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ መደቡን ይተዉት። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አጠገቡ ውሃ ማስረግ ግድግዳ መሰንጠቅ ነው። እዚያ የሚያዋጣው ትልቅ ሮቶና ሰፊ ሣር ነው።

ቀይ አፈር ላይ መደቡ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ከመጸዳጃ ጉድጓድም እንዲሁ በደንብ ይራቅ። የድጋፍ ግንብ አናት ላይ በፍጹም አይሠራም፤ ከግንቡ ጀርባ የተጠራቀመ ውሃ ገፍቶ ይጥለዋል፣ ከታች ደግሞ ጎረቤት አለ። የተነጠፈው ክፍል ከቤቱ ርቆ ወደ መደቡ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። ኮብልስቶን ከሆነ መጋጠሚያው በአሸዋ ይሞላ፤ በሲሚንቶ የተሞላ ኮብልስቶን ከሊሾ አይለይም።

አፈሩ ደረቅ በሆነበት ቀን ይቆፍሩ፤ እርጥብ ሸክላ በአካፋ ሲቆረጥ ፊቱ ይለሰንና ውሃ አያስገባም። ከመደቡ ወለል በታች 30 ሳንቲ ሜትር በዶማ አላልተው ኮምፖስት ይቀላቅሉ። ሸክላ ላይ አሸዋ ብቻ መጨመር ግን ጡብ ማቡካት ነው። ወለሉ በውሃ ልክ ተለክቶ ለጥ ያለ ይሁን፤ ካልሆነ ውሃው አንድ ጥግ ይተኛል። ቱቦው የሚያፈስበት ላይ ጭብጥ የሚያህሉ ድንጋዮች ይደርደሩ። ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በድንጋይ የተሠራ ማስተንፈሻ፣ ማለትም ትርፍ ውሃ የሚወጣበት አፍ፣ ወደ መንገዱ ቦይ ይውጣ። ማስተንፈሻው ከቤቱ ወለል ዝቅ ማለቱን ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ አንድ ከባድ ዝናብ የሚያሳልፍ ይህ ነው። የጣሪያን ውሃ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ጋር ማገናኘት ደግሞ ጉድጓዱን በአንድ ክረምት ይሞላዋል።

ተክሉ ክረምት የሚተኛበትን ውሃ፣ በጋ ደግሞ ወራት የሚዘልቅ ድርቅ መቻል አለበት። ሰርዶ ሁለቱንም ይችላል። ቀጤማ ውሃ ስለሚወድ ብቻ ተመርጦ ይተከልና በጋ ላይ ደርቆ ግቢውን ያስቀይማል።

ይህ ሁሉ የግንባታው የመጨረሻ ሥራ ይሁን፤ ቀድሞ የተቆፈረ መደብ በሲሚንቶ እጣቢና በሠራተኛ እግር ይደፈናል። አሸንዳውን ከሰኔ በፊት ይጥረጉ። ውሃው ከ48 ሰዓት በላይ ከቆመ ላዩ ላይ ደለል ተኝቷል ማለት ነው፤ የላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር ጠርገው ያውጡና በኮምፖስት ይተኩት፤ ካልተጠረገ ትንኝ ይፈለፈልበታል።