ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችን በማይክሮፍሉይዲክ ቦይ ማጥናት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ቤተ ሙከራዎች

ሼዋኔላ ኦናይደንሲስ የተባለው ባክቴሪያ ከምግቡ የሚያገኛቸውን ኤሌክትሮኖች ከሕዋሱ ውጭ ላለ ኤሌክትሮድ ማስረከብ ይችላል። ከረንቱን በጠርሙስ ውስጥም መለካት ይቻላል፤ ባክቴሪያው ኤሌክትሮኑን የሚያስረክበው በቀጥታ በመንካት ወይስ ወደ ፈሳሹ በሚለቀው አቀባባይ ውህድ የሚለውን ለመለየት ግን ፈሳሹን እንደ ልብ ማፍሰስና ማቆም የሚያስችል ጠባብ ቦይ (ማይክሮፍሉይዲክ ቦይ) ይመረጣል። ጂኦባክተር የተባለው ባክቴሪያም ለዚህ ጥናት የታወቀ ነው፤ ሆኖም ኦክስጅንን የሚቋቋመው ሼዋኔላ ለጀማሪ ይቀላል።

ቦዩ 1 ሚሊሜትር ስፋት፣ 0.2 ሚሊሜትር ጥልቀትና 20 ሚሊሜትር ርዝመት ቢኖረው 4 ማይክሮሊትር ይይዛል። ሲልጋርድ 184 የተባለው ሲሊኮን ከማጠንከሪያው ጋር በክብደት 10 ለ1 ተቀላቅሎ አረፋው በቫክዩም ከወጣ በኋላ በቅርጽ ማውጫው ላይ ይፈስሳል፤ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ለጥቂት ሰዓታት ከጠነከረም በኋላ ቀጭን የወርቅ መስመር ካለበት መስታወት ጋር በኦክስጅን ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተነቃ ጋዝ) ይጣበቃል። የወርቁ መስመር አኖድ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹን የሚቀበለው ኤሌክትሮድ፣ ይሆናል። ካቶዱ (ወረዳውን የሚዘጋው ሌላው ኤሌክትሮድ) እና የብር ክሎራይድ ማመሳከሪያው (የአኖዱ ቮልቴጅ የሚለካበት መነሻ ኤሌክትሮድ) ከአኖዱ በኋላ በመውጫው በኩል ይቀመጡ፤ አለዚያ የካቶዱ ውጤቶችና የሚያመልጠው ብር ወደ ባክቴሪያዎቹ ይደርሳሉ። ሲሊኮኑ ኦክስጅን ስለሚያሳልፍ፣ መሣሪያው በሙሉ ናይትሮጅን በሚነፍስበት ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት፤ ባክቴሪያው ኦክስጅን ካገኘ ኤሌክትሮኑን ለአኖዱ አይሰጥም።

ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ይጠበቅ። ለሐረር አየር፣ ማሞቂያ ብቻ ያለው ኢንኩቤተር ይበቃል፤ በድሬዳዋ ግን የክፍሉ ሙቀት ራሱ ከ30 ሊያልፍ ስለሚችል ማቀዝቀዣም ያለው ያስፈልጋል። ከፍሪጅ የወጣ ፈሳሽ ሲሞቅ ጋዙን ስለሚለቅ፣ መጀመሪያ ሞቆ በቫክዩም አየሩ ሳይወጣለት ወደ ቦዩ አይግባ። አንዲት አረፋ ባዮፊልሙን (አኖዱ ላይ የተጣበቀውን የባክቴሪያ ንጣፍ) ጠራርጋ ልትወስድ ትችላለች።

ቦዩ በ70 በመቶ አልኮልና በተመከነ ውሃ ከታጠበ በኋላ ላክቴት (የባክቴሪያው ምግብ) ባለበት የማሳደጊያ ፈሳሽ ይሞላል፤ አኖዱም ከማመሳከሪያው አንጻር +0.2 ቮልት ላይ ይደረጋል። ባክቴሪያ ከመግባቱ በፊት ያለው ከረንት እስኪረጋጋ ድረስ ይመዝገብ፤ ያለዚህ መነሻ ኋላ የሚገኘው ቁጥር ትርጉም የለውም። ባክቴሪያዎቹ ገብተው እንዲጣበቁ ፍሰቱ ለጥቂት ሰዓታት ይቁም፤ ቀጥሎ በደቂቃ 2 ማይክሮሊትር ይለቀቅ፤ በዚህ ፍጥነት 10 ሚሊሊትር የያዘ ሲሪንጅ ከሦስት ቀን በላይ ይቆያል። መብራት ቢጠፋ ሙከራው እንዳይበላሽ ፓምፑም የአኖዱን ቮልቴጅ የሚጠብቀውና ከረንቱን የሚለካው ፖቴንሺዮስታትም ከዩ.ፒ.ኤስ. ጋር ይያያዙ።

ዋናው ሥራ ከረንቱ ከተረጋጋ በኋላ ይጀምራል። ፍሰቱ በአምስት እጥፍ ሲጨምር ከረንቱ ወዲያው ቢወርድና ፍሰቱ ሲቆም ቀስ በቀስ ቢመለስ፣ ባክቴሪያው የሚለቀው ፍላቪን የተባለ አቀባባይ ውህድ ታጥቦ ይሄድ እንደነበረ ያመለክታል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናትም በሼዋኔላ ባዮፊልም ዙሪያ ያለው ፈሳሽ በአዲስ ሲተካ የኤሌክትሮን ዝውውሩ ከ70 በመቶ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። በአንጻሩ ከረንቱ ከፍሰቱ ጋር ቢጨምር ባክቴሪያዎቹ ምግብ አጥሯቸው ነበር ማለት ነው። ወርዶ ካልተመለሰ ደግሞ ባዮፊልሙ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ማንኛውም ድምዳሜ ከመሰጠቱ በፊት ቦዩ በማይክሮስኮፕ ይታይ። የፍላቪኑን ግምት ለማረጋገጥ፣ ፈጣኑ ፍሰት ሳይቀየር ጥቂት ራይቦፍላቪን (ከፍላቪኖቹ አንዱ) የተጨመረበት ፈሳሽ ይግባ፤ ከረንቱ ከተመለሰ አቀባባዩ እሱ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ባክቴሪያ በሌለበት ቦይም ይኸው ፈሳሽ ተሞክሮ የሚሰጠው ከረንት ከውጤቱ ላይ ይቀነስ።