ለአዲስ የኑክሌር ራዲዮሎጂ ፌሎዎች፦ ምስሉ ከመነሳቱ በፊት የሚሠሩ ስህተቶች

የማስተምረው አሜሪካ ውስጥ ባለ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጁላይ አዲስ ፌሎዎች፣ ማለትም ለተጨማሪ ሥልጠና የሚገቡ ሐኪሞች፣ ይመጡልናል። ለዓመታት ሲቲና ኤምአርአይ ሲያነቡ የቆዩ ጎበዞች ናቸው። ዓይናቸው ምንም አያመልጠውም። ግን ሲቲ የሚያሳየው የሰውነትን ቅርጽ ነው። እኛ ጨረር የሚያወጣ መድኃኒት ሰጥተን የምናየው ሕዋሱ ምን እየሠራ እንደሆነ ነው። ያ ደግሞ ታካሚው ጠዋት በበላው፣ በጠጣውና በወሰደው መድኃኒት ይለዋወጣል። እዚህ ሥልጠናውን ለጀመራችሁም፣ አገር ቤት ሆናችሁ ለምታስቡትም ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ታካሚውን ሳይጠይቁ ምስል ማንበብ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ለካንሰር ምርመራ በፔት ሲቲ (የሕዋሱን ሥራና የሰውነትን ቅርጽ አንድ ላይ በሚያሳየው ምስል) የምንጠቀመው መድኃኒት፣ ኤፍዲጂ፣ በጨረር ምልክት የተደረገበት የስኳር ዘመድ ነው። ስኳር የተራበ ሕዋስ ይስበዋል። ስለዚህ ታካሚው ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ምግብ ሳይበላ መምጣት አለበት። የደም ስኳሩ በዴሲሊትር ከ200 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ብዙ ቦታ ቀጠሮው ይለወጣል።

አንድ ፌሎው ጠርቶኝ «ይሄኛው ንጹሕ ነው፣ ሪፖርቱን ልጨርሰው» አለኝ። ሄጄ ሳይ የጭኑም የትከሻውም ጡንቻ በሙሉ ጠቁሯል፤ በዚህ ምስል መድኃኒቱ የበዛበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ልብም እንደዚያው። ጉበት ግን ገርጥቷል። ይህን ምስል ያየ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ኢንሱሊን ነው። ታካሚውን ጠየቅን። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። «ስኳሬ ከፍ ብሎ እንዳትመልሱኝ ፈርቼ» ብለው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ኢንሱሊናቸውን ወግተዋል። ኢንሱሊን ደግሞ ስኳሩንም መድኃኒቱንም ወደ ጡንቻ ይነዳዋል። ለዕጢው የሚተርፍ ብዙ የለም። በሌላ ቀን በደንብ ተዘጋጅተው ሲመጡ ሳንባቸው ላይ ያለው ዕጢ ቁልጭ ብሎ ታየ። ያ «ንጹሕ ነው» የሚል ሪፖርት ወጥቶ ቢሆን ሰውየው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ዕጢው ደግሞ ሥራውን ይቀጥል ነበር። መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም!

ቡና ደግሞ እኛን ሐበሾችን በተለይ ይመለከታል። በመድኃኒት በሚደረግ የልብ ደም ዝውውር ምርመራ ካፌይን ከ12 ሰዓት በላይ፣ ብዙ ቦታም 24 ሰዓት፣ መቆም አለበት። ለዚህ ምርመራ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ሬጋዴኖሰን፣ የልብን ደም ሥር እንዲያሰፋ ነው የሚሰጠው። ካፌይን መንገዱን ይዘጋበታል። የጠበበው ደም ሥር ሳይታወቅ ያልፍና «ልብዎ ደህና ነው» ይባላል። አንዲት እናት መጡ። አስተርጓሚው በስልክ «ምግብ አልበሉም» ብሎ ነግሮናል። ገባሁና ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ቀመሱ?»

«ኧረ ምንም፣ ልጄ። እንዳትበዪ ብለውኝ የለ እንዴ።»

«ቡናስ?»

«እሱማ አቦሉን ብቻ ነው የጠጣሁት። ራሴን እንዳያመኝ ብዬ።»

እማማ አልዋሹም። የጠየቃቸው ሰው ነው ያልጠየቀው። ስለ ቡና፣ ስለ ሻይ፣ ስለ ኮካ፣ ስለ ቸኮሌት፣ ስለ ራስ ምታት ክኒን እየዘረዘራችሁ ጠይቁ።

ሆት ላብን መሸሽ። መድኃኒቱ የሚዘጋጅበት ክፍል የቴክኖሎጂስቱ ብቻ የሚመስላቸው ፌሎዎች አሉ። ጠዋት ጄኔሬተሩ ሲታለብ፣ ማለትም ለምስል የምንጠቀምበት ቴክኒሺየም ከሞሊብዲነም ዕቃው ታጥቦ ሲወጣ፣ ቆማችሁ እዩ። ሞሊብዲነም 99 በ66 ሰዓት ይጋመሳል። የሚወልደው ቴክኒሺየም ደግሞ በ6 ሰዓት። ከተገኘው ቴክኒሺየም ጋር ሞሊብዲነም አምልጦ እንደሆነ ይለካል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለታካሚው በሚሰጥበት ሰዓት ለአንድ ሚሊኩሪ ቴክኒሺየም ከ0.15 ማይክሮኩሪ የማይበልጥ ነው። ይህን በእጁ ያልሠራ ሰው ምስል ላይም ይሳሳታል። የአጥንት ምርመራ ላይ ታይሮይድ፣ ጨጓራና የምራቅ ዕጢ ሲታይ «የታይሮይድ ሕመም ሊኖር ይችላል» ብሎ የጻፈ አይቻለሁ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግን ቴክኒሺየሙ ከመድኃኒቱ ጋር በደንብ አለመያያዙ ነው። ወደ ሆት ላብ ደውሎ የጥራት ምርመራውን ውጤት መጠየቅ ነበረበት።

ኪሎና ፓውንድ አታምታቱ። 70 ኪሎ ሰው 154 ፓውንድ ነው። 154ቱ በኪሎ ቦታ ከገባ የዕጢው የኤስዩቪ ቁጥር (ዕጢው ምን ያህል መድኃኒት እንደሳበ ከክብደት ጋር ተሰልቶ የሚያሳየው) ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ሐኪሙም ሕክምናው አልሠራም ብሎ ሊቀይረው ይችላል።

መርፌው የገባበትን ክንድም ተመልከቱ። መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ፈሶ ከቀረ ቁጥሩ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ፔት ላይ የበራን፣ ማለትም መድኃኒቱ የተከማቸበትን፣ ሁሉ ካንሰር ማለት። ቲቢም ይበራል፣ ሳርኮይዶሲስም (ካንሰር ያልሆነ የብግነት ሕመም) ይበራል። በቅርቡ ክትባት በወሰደ ሰው ብብት ውስጥ ያለ ንፍፊትም ይበራል። ታካሚው የት እንዳደገ፣ ሳል እንዳለው፣ ቲቢ ታክሞ እንደሆነ ሳታውቁ «የተዛመተ ካንሰር» ብላችሁ አትጻፉ። ከአገራችን የመጣ ሰው ሲሆን ደግሞ ይሄ ጥያቄ በፍጹም አይዘለልም።

የአዮዲን 131 ሕክምናን እንደ ፎርም ሙሌት ማየት። እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ለታይሮይድ ሕመም የሚሰጠው ይህ ጨረር ያለው አዮዲን ለምስል ሳይሆን ለሕክምና ነው። ከሰውነት ውስጥ መልሶ ማውጣት አይቻልም። በጽሑፍ የተሰጠ ትእዛዝ፣ በሁለት መንገድ የተረጋገጠ ማንነት፣ የእርግዝና ምርመራ፣ ስለ ማጥባት ጥያቄ፤ አንዱም አይቀርም። የምታጠባ እናት ከሆነች ጡት ማጥባቱ ከሕክምናው ሳምንታት ቀደም ብሎ መቆም አለበት። ለዚያ ልጅ ደግሞ እንደገና አይጀመርም። ቀደም ብላችሁ ካልነገራችኋት መርፌና ክኒን የማይመልሰው ጉዳት ላይ ትደርሳላችሁ።

ወደ ቤት ሲሸኙም የታተመውን ወረቀት ብቻ አትስጡ። አዮዲኑ በምራቅ፣ በላብና በሽንት ይወጣል። ወረቀቱ «ማንኪያና ሹካ አይጋሩ» ይላል። ከአንድ ትሪ በእጁ የሚበላ ቤተሰብ ይሄ የሚመለከተው አይመስለውም። ስለዚህ በቋንቋቸው ንገሯቸው፦ ለጥቂት ቀናት በሌላ ሳሕን ይብሉ፣ ጉርሻ ይቅር፣ ሕፃን አቅፈው አይተኙ፣ የልጅ ልጆቹ ሌላ ክፍል ይደሩ። እናትየው ከልጇ ጋር የሚጋሩት አንድ ክፍል ብቻ ካላቸው ቀኑን ለውጡላት። አገር ቤት ለመሄድ ትኬት የቆረጠ ሰው ደግሞ የሕክምና ደብዳቤ ይያዝ። የኤርፖርት ጨረር መቆጣጠሪያ ከሳምንታት በኋላም ሊጮህበት ይችላል።

የመጨረሻው የወረቀት ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ አዮዲንን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያሉ የጨረር መድኃኒት ሕክምናዎችን ሁሉ በራሳችሁ ፈቃድ ለመስጠት በሥልጠና መንገድ የምትሄዱ ከሆነ 700 ሰዓት ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ውስጥ 200ው የክፍልና የላብ ትምህርት ነው። ሰዓታችሁንና የሰጣችኋቸውን ሕክምናዎች በየሳምንቱ መዝግቡ። ያሠለጠናችሁን ሐኪም ፊርማ ደግሞ ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ተቀበሉ፤ ሐኪሙ ሥራ ከቀየረ በኋላ እሱን ማፈላለግ ብዙ ሰው አንገላቷል።