ካውንቲያችሁ «እንግሊዝኛ ብቻ» ሊል ሲነሳ ምን ታደርጋላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰን በቴሌግራም ነው። «በአማርኛ ማውራት ሊከለከል ነው» ይባላል። ተረጋጉ። «እንግሊዝኛ ብቻ» የሚባለው ደንብ የሚያስረው የካውንቲውን መሥሪያ ቤት እንጂ የእናንተን አንደበት አይደለም። ቤታችሁም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም የሚነካችሁ የለም። የሚነካው ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣውን ወረቀት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ረቂቁን ራሱን ፈልጉ። ከስብሰባው በፊት አጀንዳው በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ቁጥሩን ያዙ፤ ስትደውሉም ስትናገሩም የምትጠሩት እሱን ነው።

ከዚያ ረቂቁን ከታች ወደ ላይ አንብቡት። መግቢያው ላይ ጊዜ አትፍጁ፣ «እንግሊዝኛ የጋራ ቋንቋችን ነው» የሚል ነገር ነው። ዋናው «ከዚህ በስተቀር» የሚለው ክፍል ነው። ድንገተኛ አደጋ፣ ጤና፣ ፍርድ ቤት አሉበት? «የፌደራል ሕግ ካስገደደ በስተቀር» የሚል ካለ ደግሞ አስምሩበት። በ1964ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት፣ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሰውን በትውልድ አገሩ ማግለል አይችልም፤ በቋንቋው ምክንያት አገልግሎት መንፈግም በዚህ ሊታይ ይችላል። በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንቱ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ያደረጉት በትእዛዝ ነው። ትእዛዝ ደግሞ ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ አይሽርም።

ታዲያ ጉዳቱ የት ነው? «በስተቀር» ውስጥ ያልገባው ተራ ወረቀት ላይ። አንዲት የማውቃቸው እትዬ ከከተማው በእንግሊዝኛ የመጣላቸውን ደብዳቤ ማስታወቂያ መስሏቸው ከሱፐርማርኬት ኩፖን ጋር ፍሪጅ ላይ ለጥፈውት ነበር። «የጓሮ ሣርዎ ረዝሟል፣ ይታጨድ» ይላል። ቀጥሎ የመጣው ቅጣት ነው። ሣሩን ለማጨድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅባቸውም ነበር።

እንግዲህ ስብሰባው ላይ የምትናገሩት ይህን ነው። ስም ማስመዝገብ አለ፤ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው፣ ሲያልቅ ይቋረጣል። ቤት ውስጥ ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ። የእኛ ሰው ሰላምታና ምስጋናው ብቻ አንድ ደቂቃ ይበላል! አንድ ታሪክ ብቻ ተናገሩ፣ ወረቀቱም ካለ እጃችሁ ላይ ይሁን። «ዘረኞች ናችሁ» ብሎ መጀመር በር ይዘጋል። ደንቡን የሚያመጡት ሰዎች ብዙ ጊዜ «ገንዘብ ይቆጥባል» ስለሚሉ፣ «ባለፈው ዓመት ለትርጉም ስንት አወጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ከቀናት በፊት ደውላችሁ አሳውቁ፣ ለትርጉም ተጨማሪ ደቂቃ ይሰጡ እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ። ለመናገር ዜግነት አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። ድምፅ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው በስህተት እንኳ እንዳይመዘገብ፣ መዘዙ ከባድ ነው።

በስብሰባው ብትሸነፉስ? ደንብ ይሻራል። ፍሎሪዳ ውስጥ የዴድ ካውንቲ በ1980 ያጸደቀውን የሻረው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ናሽቪል ላይ ጉዳዩ በ2009 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ያኔውኑ ወደቀ። ለእኛ ሰፈር የሚቀርበው ግን የሜሪላንዱ ፍሬድሪክ ካውንቲ ነው። በ2012 እንግሊዝኛን ኦፊሴላዊ አደረገ። ከዚያ የካውንቲው አስተዳደር ተቀየረ፣ አዲስ ምክር ቤት ተመረጠ፣ በ2015 ደንቡ ተሻረ። ከዚያ ብዙም የማይርቀው ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣው ሕግ መሥሪያ ቤቶቹ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው እንዲያስተረጉሙ ያስገድዳል፤ አማርኛም ወረቀት ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስትናገሩ ይህን ጥቀሱላቸው።

ፍሬድሪክ ላይ ደንቡ የተሻረው በ4 ለ 3 ድምፅ ነበር። የእናንተ ካውንቲ ምክር ቤት ስንት ወንበር እንዳለውና ቀጣዩ ምርጫ መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ እዩ።