ሁለት ሸዋጅ፣ አንድ መሰንቆ፦ የአጭበርባሪዎች ኮሜዲ ትዕይንት አጻጻፍና ቀረጻ

የአጭበርባሪ ኮሜዲ የሚጻፈው ከሒሳቡ ተጀምሮ ነው። ማን ስንት ይዞ ገባ፣ ስንት ይዞ ወጣ የሚለውን በጣቱ መቁጠር ያልቻለ ተመልካች አይስቅም።

ለመለማመጃ አሜሪካኖች በቫዮሊን የሚያውቁትን የቆየ ማጭበርበር ውሰዱና ቫዮሊኑን በመሰንቆ ቀይሩት። አንደኛው ሸዋጅ የደከመው አዝማሪ መስሎ ምግብ ቤት ይገባል፣ የ380 ብር ይበላል፣ «ቦርሳዬን ረስቼ ነው፤ እስክመለስ መሰንቆዬን ያዙልኝ» ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው ሱፉን ግጥም አድርጎ ይመጣል፣ መሰንቆውን ያገላብጣል፣ «ይኼ የጥንት ነው፤ በ60,000 እወስደዋለሁ» ብሎ ስልክ ቁጥሩን ትቶ ይሄዳል። አዝማሪው ሲመለስ ባለቤቱ ስለ 60,000ው ትንፍሽ ሳይል በ15,000 ይገዛዋል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝግ ነው።

ስድስት ሰባት ገጽ ይበቃዋል፤ በተለመደው የስክሪፕት ቅርጽ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ይወጣዋል። ሰፊውን ቦታ ለዋጋ ክርክሩ ስጡት። አዝማሪው በ5,000 እሺ ካለ ትዕይንቱ ሞተ። «የአባቴ ነው» እያለ እንቢ ይበል፣ ባለቤቱ ራሱ ዋጋውን ይስቀለው። ባለቤቱ ደግ ከሆነ ደግሞ ተመልካቹ ያዝንለታል፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ የአስተናጋጇን ቲፕ ኪሱ ሲከት በአንድ ሾት አሳዩት።

ሸዋጆቹ ዕቅዳቸውን አስቀድመው ከተናገሩ መበላሸት አለበት። እንደተነገረው ከተፈጸመ ተመልካቹ አንዱን ነገር ሁለቴ አየ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚያዋጣው አዝማሪው ቀድሞ መመለሱ ነው። ባለ ሱፉ ገና ስልኩን እየጻፈ በሩ ይከፈታል። ሁለቱ እንደ ባዕድ «ጤና ይስጥልኝ» ሲባባሉ፣ ባለቤቱ ወሬው እንዳይሰማበት ደንግጦ አዝማሪውን «ና ሻይ ጠጣ፣ በእኔ ነው!» እያለ ወደ ጓዳ ይገፋዋል። ስግብግብነቱ ዕቅዳቸውን አዳነላቸው። ሌላ ቀልድ አትጨምሩበት።

ቀረጻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ብሩ ነው። 15,000 በባለ 200 ኖት 75 ቅጠል ብቻ ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ግድም። ጡብ የሚያህል ጥቅል አታስይዙት። የውሸት ብር ማተም ወንጀል ነው፤ ከላይና ከታች እውነተኛ ኖት፣ መሃሉ በልኩ የተቆረጠ ወረቀት ይሁን። ሲቆጠር ነጩ ስለሚታይ ቆጠራውን በድምፅ ብቻ አሰሙና ካሜራው አዝማሪው ፊት ላይ ይቁም፤ ሳቁም ያለው እዚያው ነው።

የመሰንቆው ደጋን በየትኛው በኩል እንደተቀመጠ ከእያንዳንዱ ሾት በኋላ ፎቶ አንሱ፤ በሚቀጥለው ሾት ቦታው ተለውጦ እንዳይታይ። ድምፅ ስትቀዱ የምግብ ቤቱን ፍሪጅ ከሶኬት ንቀሉት፤ ጉርምርምታው ንግግሩን ይበላዋል። መልሶ መሰካቱ ስለሚረሳ የመኪናችሁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ያለ እሱ ወደ ቤት አትሄዱም።