«መንጋ»ን በእንግሊዝኛ እንዴት እንበል?

የበግ መንጋ፣ የከብት መንጋ፣ የንብ መንጋ፣ የዝንጀሮ መንጋ። በአማርኛ አንዷ ቃል ለሁሉም ትበቃለች። እንግሊዝኛ ግን ለየእንስሳው ስም ይለያል። ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች እንግዳ ይዞ ለሚወጣ ጀማሪ አስጎብኚ ደግሞ ይህ የዕለት እንጀራው ነው።

መጀመሪያ እንስሳውን እዩ። አብሮ የሚግጥ ትልቅ እንስሳ ከሆነ «ኸርድ» በሉ፤ ከብትም ዋልያም በዚህ ይገባሉ። በግና ወፍ «ፍሎክ» ናቸው። ንብ ሲተም «ስዋርም» ነው።

ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት፦ «ኤ ኸርድ ኦቭ ካትል»። ከብቱ ብዙ ቢሆንም መንጋው አንድ ነውና «ዘ ኸርድ ኢዝ ካሚንግ» ማለት ይበቃል። አፋችሁን ከፍታችሁ «ሃርድ» እንዳትሉ፤ «ከባድ» ማለት ይሆናል።

ጭላዳ ላይ ስትደርሱ ረጋ በሉ። የዝንጀሮ መንጋ በእንግሊዝኛ «ትሩፕ» ነው፤ ብዙ ሰውም ለጭላዳ ይህንኑ ይላል። ነገር ግን የጭላዳ ዋና ምግብ ሣር ነው። ቁጢጥ ብሎ፣ በሁለት እጁ እየነጨ ሲግጥ ይውላል። ጠጋ ብላችሁ ዝም ካላችሁ የሣሩ መነጨት ይሰማችኋል። አንድ አውራ ከሴቶቹና ከግልገሎቹ ጋር የሚኖርበት ቤተሰብ «ዩኒት» ይባላል። ብዙ ቤተሰብ ተቀላቅሎ በመቶዎች ሲሰማራ ግን አጥኚዎቹም «ኸርድ» ይሉታል። እኔም ይህን እመርጣለሁ፤ ለእንግዳው ሣር በል መሆኑን በአንድ ቃል ይነግርለታል።

ለሰው ሲሆን ተጠንቀቁ። ጥር 11 የፋሲል መዋኛን የሞላውን ሕዝብ «ኸርድ» ካላችሁት ሰደባችሁት። በእኛም ቢሆን «መንጋ» ተብሎ ደስ የሚለው የለም። «ክራውድ» በሉ። ቄሱ ምዕመናኑን «መንጋዬ» ሲሉ ግን ፍቅር ነው፤ የእረኛና የበግ ነገር ስለሆነ እንግሊዝኛውም «ፍሎክ» ይላል።

ልምምዱን መንገድ ላይ አድርጉት። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እረኛው በጎቹን አስፋልት ሲያሻግር መኪናው መቆሙ አይቀርም። በጎቹ ተሻግረው ሳያልቁ ቃሉን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።