ከንፈሩ ቀድሞ ሲሄድ፦ የተማሪ ክሊፕና ካቨር ችግርና መፍትሄ

የሙዚቃ ክሊፕና የካቨር (የዘፈኑ ሽፋን ምስል) መመረቂያ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲቃረብ የእኔ ቴሌግራም ይጨናነቃል። "ኤዲት ላይ ትንሽ ችግር ገጥሞን ነበር፣ ታይልን?" ይላሉ። ከፍቼ ሳየው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ኤዲት ላይ አይደለም። የተፈጠረው በቀረጻው ቀን ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ በፊት። ላፕቶፑ አጋለጠው እንጂ። ስለዚህ ገና ያልቀረጻችሁም አንብቡት።

ከንፈርና ድምፅ አይገጥምም

በብዛት የሚመጣልኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሩ። ልዩነቱ ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ወይስ እየሰፋ ይሄዳል? ለማወቅ ም፣ ብ ወይም ፕ ያለበትን ቃል ፈልጉ። እነዚህን ስንል ከንፈራችን ግጥም ይላል። ግጥሙ ውስጥ "እማማ" ካለ እድለኞች ናችሁ። ምስሉን ፍሬም በፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ) እየገፋችሁ ከንፈሩ የተዘጋበት ላይ አቁሙ። ድምፁ እዚያው ነው ወይስ ገና ይቀረዋል?

ልዩነቱ እኩል ከሆነ ቀላል ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ቀረጻችሁ እንበል። ዘፈኑን የሚያጫውተው ስፒከር ዘፋኟ እግር ሥር ነው፣ ካሜራው ደግሞ ራቅ ብሎ ቆሟል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ካሜራው 34 ሜትር ከራቀ ድምፁ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ዘግይቶ ይደርሰዋል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሰላ ሁለት ፍሬም ተኩል ማለት ነው። የኤዲት ፕሮግራሙ ዘፈኑን በካሜራው ድምፅ ለክቶ ሲያገጥመው ከንፈሯ ከዘፈኑ ይቀድማል። ምስሉን ሁለት ሦስት ፍሬም ወደ ቀኝ ግፉት፣ አለቀ።

እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው ስልኩ ነው። ብዙ ስልክ የፍሬሙን ቁጥር ቋሚ አድርጎ አይቀርጽም፤ ብርሃን ሲያንስ ወይም ስልኩ ሲግል ይቀንሳል። ፋይሉን ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍሬም ሬቱን ቋሚ አድርጋችሁ አውጡት።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቡድን ይዞልኝ መጣ። ፍሬሙ ቋሚ፣ ካሜራው ቅርብ፣ ግን ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ልጁ አፉን ዘግቶ ዘፈኑ ይቀጥላል። ግማሽ ቀን ስንፈልግ ዋልን። በመጨረሻ ድምፃዊው ድንገት ትዝ ሲለው፣ "ስቱዲዮ ትንሽ ፈጠን አድርገነዋል" አለ። ለካ የቀረጹት በዴሞው (በሙከራ ቅጂው) ነው! ዴሞው በደቂቃ 96 ምት፣ ያለቀው ዘፈን 98። ምስሉን በ102 በመቶ ፍጥነት አስኬድነውና ዳነ። ልዩነቱ ትልቅ ቢሆን ግን ሰውየው ሲራመድ የጥንት ፊልም ይመስል ነበር። ዘፈኑ ተሚክሶ ሳያልቅ ካሜራ አታንሱ። ይህን ስል የሚሰማኝ የለም፤ ሎኬሽኑ ተገኝቷል፣ ልብሱ ተውሷል፣ ሁሉም ይቸኩላል።

ስሎው ሞሽን እየዘፈነ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ደግሞ በ50 ፍሬም ቅረጹ፣ ዘፈኑን በሁለት እጥፍ ፍጥነት አጫውቱለት፣ ከዚያ ኤዲት ላይ ምስሉን በግማሽ አዝግሙት። ልምምድ ይጠይቃል። ቀረጻው ላይ ሁሉም ይስቃል፣ ውጤቱ ግን ያምራል።

ክፍል ውስጥ የተቀረጸው ላይ ጥቁር መስመር ይወርዳል

ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ መብራቱ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይደበዝዛል። ስልካችሁ 30 ፍሬምና 1/60 ሻተር (ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ላይ ከሆነ ከዚያ ጋር አይስማማም። 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 ወይም 1/100 አድርጉ። አንዳንድ ርካሽ ኤልኢዲ በዚህም አይታረምም፤ አጥፉትና መስኮት አጠገብ ቅረጹ። ከተቀረጸ በኋላ ማጽዳት ይቻላል ብሎ የሚነግራችሁን ብዙ አትመኑ።

ፊቱ ላይ ዓይኑ ጥቁር ጉድጓድ ሆነ

ቀትር ላይ ቀርጻችሁ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ቅንድብ በዓይን ላይ ጥላ ይጥላል። ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ፈልጉ፣ ወይም ነጭ አንሶላ ከደረቱ ዝቅ አድርጎ የሚይዝ ጓደኛ። አመሻሽ 11 ሰዓት አካባቢ ያለውን ብርሃን ለዋናው ትዕይንት አስቀምጡት። ያመለጣችሁን ፊት ኤዲት ላይ ማብራት ይቻላል፣ ግን ስልክ የቀረጸው ጥላ ሲበራ አሸዋ አሸዋ ይላል።

እስክስታው ሕይወት የለውም

ሦስት ጥፋት አይቻለሁ። አንደኛ፣ ፊት ብቻ ተቀርጿል፤ ትከሻ የሌለው እስክስታ ምንም አይደለም። ከወገብ በላይ ያዙት። ሁለተኛ፣ ስሎው ሞሽን ተደርጓል። እባካችሁ፣ እስክስታን አታዘግሙት፤ ንዝረቱ ይሞታል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የችክችካ ምት 6/8 (በስድስት የሚቆጠር) ነው፣ የስልክ ኤዲት መተግበሪያዎች ላይ ያለው ዝግጁ ቴምፕሌት ግን አብዛኛው ለ4/4 (በአራት ለሚቆጠር ምት) ነው የተሠራው። ቴምፕሌቱ ሲቆርጥ ትከሻው ገና ሳይመለስ ይቆርጠዋል፤ ተመልካቹ ለምን እንደሆነ ባያውቅም ይጎረብጠዋል። ቴምፕሌቱን ተዉትና ከበሮውን በጆሯችሁ እየሰማችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ ምልክት ጣሉ። ትከሻው ዙሩን ሲጨርስ ቁረጡ።

ኤዲት ፕሮግራሙ ላይ ሁሉም ቀይ ሆነ፣ ፋይሉ የለም ይላል

ፍላሽ ላይ ሆናችሁ ኤዲት ስታደርጉ ነበር፣ ፍላሹ ተነቀለ። ወይም አንዱ ፎልደሩን "አስተካክሎታል"። ፋይሉ ካለ እንደገና አገናኙት፣ ይመለሳል። ከመጀመሪያው ሁሉንም ላፕቶፑ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ ገልብጡ፣ ሁለተኛ ኮፒ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ። በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

ካቨሩ ላይ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆነ

የመረጣችሁት ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኒያላን፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ሞክሩ። ሳጥን ሳይሆን የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ነበር የሚሠሩት። አርሙት ብላችሁ አትድከሙ፣ እንደገና ጻፉት።

ካቨሩ ላፕቶፕ ላይ ያምራል፣ ስልክ ላይ አይነበብም

የኢንተርኔት ሙዚቃ መሸጫዎች የሚፈልጉት 3000 በ3000 ፒክስል ነው። ሰው የሚያየው ግን የአውራ ጣት ጥፍር በሚያክል ቦታ ነው። እኛ ፊደል ላይ ይሄ ይብሳል፤ ቤና ቢን የሚለያቸው እግር ሥር ያለች ቀለበት ናት። ፊደሉ ላይ ወፍራም ጠርዝ ሲጨመር ቀለበቷ ትደፈናለች። "ልቤ" የሚል ካቨር ሠርተን ሁሉም "ልቢ" እያለ አንብቦልኛል። ጠርዙን አንስተን ከኋላው ያለውን ፎቶ አጨለምነው፣ ርዕሱን ብቻ አስቀርተን የፕሮዲዩሰሩንና የቀረጻ ባለሙያውን ስም አወጣነው። የቀረጻ ባለሙያው አኩርፎ ነበር። ከዚያ ካቨሩን አሳንሰን፣ ስልኩን በክንድ ርቀት ይዘን ለድምፃዊው እናት አሳየናቸው። መነጽር ሳይፈልጉ "ልቤ" አሉ።