የጭንቅላት እጢ ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ይቺን ያዙልኝ

እናቴን እዚሁ ጎንደር የጭንቅላት እጢ ታማ ሳስታምም የተማርኳትን ላካፍላችሁ፣ ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። እጢው አንዳንዴ እያንቀጠቀጠ ይጥላል፣ እና ሲጥላት ጎረቤት ሁሉ ክብሪት አምጡ፣ ማንኪያ አፏ ውስጥ ክተቱ ይላል። እባካችሁ አታድርጉት፣ ክብሪት ማሽተት ምንም አይረዳም፣ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። በጎኗ አስተኟት፣ ነጠላ አጥፋችሁ ከጭንቅላቷ ስር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይ ሳትነቃ ከደገማት በቃ ባጃጅም ቢሆን ጠርታችሁ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። አንድ ሰው ደግሞ በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጽ። እኔ መጀመሪያ ነውር መስሎኝ እያለቀስኩ ነው የቀረጽኩት፣ ግን ሐኪሙ የትኛው እጇ ቀድሞ እንደሚንቀጠቀጥ ያየው ከዛች ቪዲዮ ነው፣ እኔማ በድንጋጤ የቱ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም ነበር።

ዴክሳሜታሶን (በእጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት የሚቀንስ ኪኒን) ከታዘዘ ደግሞ ሐኪሙ ሌላ ካላለ ጠዋት ምግብ ተበልቶ ይዋጥ፣ ማታ ሲሆን እንቅልፍ ይነሳል፣ ስኳር ያለበት ሰው ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩ ከፍ ያደርገዋል። ጠበል ልንገባ ነው ብላችሁ ግን በአንዴ እንዳታቋርጡት፣ በጣም አደገኛ ነው፣ እኛ ጠበሉንም ኪኒኑንም አብረን ነው የያዝነው።

ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ከተጻፈላችሁ የኤምአርአይ ፊልሙን ራሱን ያዙ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፣ መንገዱ ከ700 ኪሎሜትር በላይ ነው ተመልሶ አይመጣም።

ጠያቂዎች፣ እባካችሁ አስታማሚዋን «አንቺ ትንሽ ተኚ፣ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ» በሏት።